ግድግዳው የማን ነው?

ባለፈው ጥር ወር እቤታችን ውስጥ አንድ ግድግዳ ልናፈርስ ተነሣን። ሳሎኑን ከጓዳው የሚለየው ግድግዳ ነው፤ ርዝመቱ አራት ሜትር ቢሞላ ነው። ያመጣሁት አናጢ በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን ደቀነና «የግማሽ ቀን ሥራ ናት» አለ። እናቴ ግን የጓዳው በር ላይ ቆማ ሁለታችንንም አየችንና «አይፈርስም» ብላ ተመልሳ ገባች። የግማሽ ቀኑ ሥራ ሦስት ወር ፈጀ። ሦስት ወር የፈጀው ጭቃው ጠንክሮ አይደለም፤ አንድ ጥያቄ መካከላችን ገብቶ ነው። ጥያቄውን እነሆ ለአንባቢም ላካፍል፦ ግድግዳ የማን ነው? የሠራው ሰው ነው? ቤቱን የወረሰው ነው? ወይስ ከጀርባው የተከለለበት?

ነገሩ እንዲገባ ስለ ቤቱ ጥቂት ልበል። ቤቱን ያሠሩት አያቴ ናቸው፤ በ1962 ዓ.ም.። የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ በማገር የተያያዘ፣ ጭድ በገባበት ጭቃ የተመረገ፣ ጣራው ቆርቆሮ፤ የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዓይነት ቤት ነው። ያኔ ሰፊ ሳሎንና ሁለት መኝታ ቤት ብቻ ነበረው። ወጥ ቤቱና ለኪራይ የተሠሩት ክፍሎች ጓሮ ነበሩ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደነገገ፤ የጓሮዎቹ ክፍሎች ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ወጥ ቤቱም አብሮ ሄደ። አያቴም ያለ ጓዳ ቤት አይሆንምና ሳሎናቸውን ለሁለት ከፈሉት። ስለዚህ ያ ግድግዳ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ግድግዳው ሁለት ፊት አለው። በሳሎኑ በኩል ተለስኖ ቀለም የተቀባ ነው፤ የወላጆቼ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የቅዱስ ሚካኤል ሥዕልና ከቆመ የቆየ ሰዓት ተሰቅለውበታል። በጓዳው በኩል ልስን አልደረሰውም። ጭቃው እንዳይረግፍ ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ «አዲስ ዘመን» ነው አብዛኛው። ማንበብ የተማርኩት ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው። የዕጣ ቁጥር፣ የጨረታ ማስታወቂያ፣ ከመካከሉ በጢስ የጠቆረ የሚኒስትር ንግግር። ዜናው ከየትም ይጀምርና የምጣድ መስቀያው ጋ ሲደርስ ይቆረጣል። ጋዜጠኛ የሆንኩት የተቆረጠውን ለመጨረስ ነው እያልኩ ጓደኞቼ ፊት እቀልድ ነበር።

ግድግዳው ለምን ይፍረስ? ለሌላ ሰው የምሰጠው ምክንያት ቀላል ነው። ሳሎኑ ጠቧል፤ ጨለማ ነው፤ እሑድ እሑድ የእኅቴ ልጆች ሲመጡ መቀመጫ የለም። በዚያ ላይ እኅቴ የተከራየችው አፓርታማ ሳሎኑና ወጥ ቤቱ አንድ ላይ ነው፤ ሰው ሽንኩርት እየከተፈ ከእንግዳ ጋር ይጫወታል። እዚያ ውዬ ስመለስ የኛ ቤት እንደ ሣጥን ይጫነኛል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው፤ ያን ግድግዳ ከልጅነቴ ጀምሮ እጠላው ነበር። የጠላሁበትን ማታ አስታውሳለሁ።

በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ስምንት ዓመቴ ነበር። አባቴ ወታደር ነበር፤ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከተበተኑት አንዱ ነው። ከዚያ ወዲያ ሥራ ሲያገኝ ያገኘውን ይሠራል፤ ሲያጣም ያገኘ መስሎ ጠዋት ከቤት ይወጣል። አንድ ምሽት የድሮ የጦር ጓደኛውን መንገድ ላይ አግኝቶ እጁን ይዞ አመጣው። «ቤት ለእንግዳ! ግባ! ግባ!» እያለ ነበር የገባው፤ ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጓዳው ውስጥ የነበረው ሁለት እንጀራና ከምሳ የተረፈ ሽሮ ነው። እናቴ ሽሮውን በውኃ አቅጥና፣ ቃሪያ ሰንጥቃ፣ ሁለቱንም እንጀራ ትሪ ላይ ዘርግታ አቀረበች። እንግዳው «እናንተስ?» ሲል ሰማሁት። «እኛ ጓዳ እንበላለን፤ ልጆቹ ይረብሿችኋል» አለች።

ከዚያ ገብታ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ባዶ ሳህን ፊታችን አስቀመጠች፤ ጭልፋ አንሥታም ከባዶው ድስት ጋር ቀስ እያደረገች ታጋጨው ጀመር። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ብላ እንጂ! አንቺም ጨምሪ! ምን ሆናችኋል ዛሬ?» ትላለች። የሌላ እጇን ጣት ከንፈሯ ላይ አድርጋለች። ከግድግዳው ወዲያ አባቴና ጓደኛው እየበሉ ይስቃሉ። እንግዳው ከሄደ በኋላ ለእኔና ለእኅቴ እፍኝ እፍኝ ቆሎ ሰጥታን ተኛን።

ይህን ታሪክ ካደግሁ በኋላ ብዙ ሰው ፊት አውርቼዋለሁ። የማወራው እንደ ክስ ነበር። «ይሉኝታ የሚባለው በሽታችን ይኸው ነው» እላለሁ። ቃሉ ራሱ ይናገር የለም? «ይሉኛል» ከሚለው የመጣ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል እያለ የሚራብ ሕዝብ። ልጆቿ ባዶ ሳህን ፊት ተቀምጠው ለእንግዳ የድስት ድምፅ የምታሰማ እናት! እውነቱን ብትናገር ምን ትሆን ነበር? እንግዳው ባይበላ ምን ይቀርበታል? ለእኔ ግድግዳው የውሸታችን መጋረጃ ነበር። ሲፈርስ የሚገባው ብርሃን ብቻ አልነበረም፤ እውነትም ጭምር ነበር።

እናቴ «አይፈርስም» ባለች በሳምንቱ ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኳት። በሠላሳ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው። ሽንብራ እየለቀመች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ማንን ነው የዋሸሁት?» አለች።

«እንግዳውን ነዋ።»

«እንግዳው ምኔ ነው? ባዶ መሆኑን ቢያውቅ ‹ጓደኛዬ ተቸግሯል› ብሎ ይሄድ ነበር፣ አለቀ። እኔ የሸፈንኩት ከአባትህ ነው። አባትህ ስንቱን ተቀምቶ የገባ ሰው ነው። ‹ቤት ለእንግዳ› ማለት ብቻ ነበር የቀረችው። እሷንም ልቀማው?»

ሽንብራዋን መልቀም ቀጠለች። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእጄ የያዝኩት ክስ ከእጄ ወደቀ። ጭልፋው የተንኳኳው ለጎረቤት ጆሮ አልነበረም። አንድ ሰው በገዛ ቤቱ ወንበር ላይ ቀና ብሎ እንዲቀመጥ ነበር። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ያን ማታ ጓዳው ባዶ እንደነበረ ሳያውቅ ሞተ። ወይም ያውቅ ነበር፤ እሷም እንድትሸፍንለት እሱ ሸፍኖላት ይሆናል። ይህን የምጠይቀው ሰው የለም።

አማርኛ ለዚህ ነገር አንድ ቃል አለው፤ ገመና። ገመና ኃጢአት አይደለም፤ ወንጀልም አይደለም። ሰው ለሌላው ዓይን ያላዘጋጀው የኑሮው ክፍል ነው። የተቀደደ ገላ ልብስ፣ ባዶ ሌማት፣ የታመመ ልጅ፣ ያልተከፈለ ዕዳ። ድሮ በምኒልክ ግቢ ግብር ሲበላ ንጉሠ ነገሥቱ ማዕድ ላይ ሳሉ መጋረጃ ይጋረድ ነበር ይባላል፤ ከእሳቸው በኋላ ተገልጦ ሌላው ይስተናገዳል። ንጉሡ ሲበሉ እንዳይታዩ ተከለሉ፤ እናቴ ደግሞ ሳትበላ እንዳትታይ ተከለለች። መጋረጃው ለንጉሥ ክብር ከሆነ ለድኻ ውሸት የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የማንም ሰው የግል ሕይወት የተከበረ ነው ሲል ገመናን በሕግ ቋንቋ መናገሩ ነው፤ ንጉሥና ድኻም ሳይለይ።

ሙያዬ ደግሞ ግድግዳ ማፍረስ ነው። ጋዜጠኝነት ስማር የተሸፈነውን ግለጥ ተብያለሁ፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን የማንን ግድግዳ ነው የምናፈርሰው? አሁን በየስልካችን የሚዞረውን ምስል እዩ። አንድ ሰው ካሜራ ይዞ የአንዲት ችግረኛ እናት ጎጆ ይገባል፤ ባዶ ድስቷን ከድኖ ይከፍታል፤ ስታለቅስ ፊቷን አቅርቦ ያሳያል፤ ከሥር የባንክ ቁጥር ይጽፋል። ርዳታው ሊደርሳት ይችላል፤ አልክድም። ግን ዋጋው ምንድን ነው? እናቴ በጭልፋ ድምፅ የጠበቀችውን ያቺ ሴት ለአገር ሁሉ ከፈለችው። የባለሥልጣኑና የባለጸጋው ጓዳ ግን በድንጋይ አጥር፣ በጥበቃና በጠበቃ እንደተከለለ ነው። የድኻ ግድግዳ ለማፍረስ ድፍረት አያስፈልግም፤ ጭቃ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ባቆመው ደስ ባለኝ ነበር። እናቴ ረትታ፣ እኔ ተረትቼ፣ ግድግዳው ባለበት ጸንቶ ይኖር ነበር። ነገር ግን ያን ማታ ስተርክ አንድ ሰው ትቻለሁ። ከአንባቢ ልደብቅ ብዬ አይደለም፤ ታሪኩን ለብዙ ሰው ስናገር ሁልጊዜም የማልጠቅሳት ሰው ናት። ጓዳው ውስጥ አራት ነበርን።

እኛ ልጆች «እታለም» እንላት ነበር። የእናቴ የሩቅ ዘመድ ልጅ ናት፤ «አዲስ አበባ ትማራለች» ተብላ በአሥራ ሁለት ዓመቷ ከገጠር መጣች። ትምህርት ቤቱ «የሚመጣው ዓመት» እየተባለ አምስት ዓመት አለፈ። ውኃ የምትቀዳው፣ የምትፈጨው፣ እኔን ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ እሷ ነበረች። የምትተኛው ጓዳው መደብ ላይ ነበር። የምትበላው መጨረሻ ነበር። በዚያን ጊዜ ይህ እንደ በደል አይቆጠርም፤ በየቤቱ አንድ እታለም ነበረችና። አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት ሄደች፤ በኋላ ቤይሩት ገብታ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ ተመለሰች፤ አሁን አዳማ ትንሽ ሱቅ አላት።

ከእናቴ ጋር ከተነጋገርን በኋላ ያን ማታ በሐሳቤ መላልሼ ሳየው አንድ ነገር አስደነገጠኝ። የጭልፋውን ድምፅ አስታውሳለሁ። የሳህኑን ሰማያዊ ጠርዝ አስታውሳለሁ። የቆሎውን ጨው እንኳ አስታውሳለሁ። እታለም ግን ያን ማታ ምን እንደበላች ትዝ አይለኝም። እፍኝ ቆሎ ደርሷት ይሆን? አጠገቤ ተቀምጣ ነበር፤ ትከሻችን ይነካካ ነበር። የእናቴን ይሉኝታ ሠላሳ ዓመት ስከስስ እኔ ራሴ በትዝታዬ መካከል ግድግዳ ሠርቼ ልጅቷን ከወዲያ ትቻት ኖሬአለሁ።

ስልክ ደወልኩላት። ግድግዳው ሊፈርስ መሆኑንና እናቴ እምቢ ማለቷን ነገርኳት። ሳቀች። «እኔ እኮ» አለች፣ «አምስት ዓመት ሙሉ ሳሎኑን ለመጥረግ እንጂ ለመቀመጥ ገብቼበት አላውቅም።» በምሬት አልነበረም የተናገረችው። የመንገድ ርቀት እንደሚናገር ሰው ነበር።

እናቴ ልክ ናት ባልኩ በማግሥቱ ይህ መጣ። ያው ግድግዳ በአንድ በኩል የአባቴን ክብር ሸፈነ፤ በሌላ በኩል አንዲት ልጅ የምትተኛበትንና የምትበላበትን ሰዓት ሸፈነ። ታዲያ ሁለቱን በምን እንለያቸው? ብዙ አስቤ የደረስኩበት ይህ ነው። የራሴን እጦት የምሸፍንበት ግድግዳ የኔ ነው፤ ገመናዬ ነውና ካልፈቀድኩ በቀር እውነት ፈላጊም ቢሆን ሊነካው አይገባም። በሌላ ሰው ላይ የማደርገውን የምሸፍንበት ግድግዳ ግን ከእኔ ይልቅ የዚያ ሰው ነው። እሱን ገመናዬ ነው ማለት ቃሉን መስረቅ ነው። ባል ሚስቱን እየደበደበ «የቤቴ ገመና ነው» ሲል፣ አሳዳሪ የሕፃን ሠራተኛዋን ደመወዝ ይዛ «የጓዳዬ ጉዳይ ነው» ስትል የሰረቁት ይህንኑ ቃል ነው።

ሕጋችንም እዚህ ላይ ያመነታል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ ልክ ከእሱ በፊት እንደነበረው እንደ አዋጅ ቁጥር 377/1996 ሁሉ፣ ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት ሥራ ከወሰኑ ውጭ ትቶ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይታያል ይላል። የፋብሪካ ሠራተኛ የሥራ ሰዓትና የዕረፍት ቀን በአዋጁ ተቈጥሮላታል፤ ጓዳ ያለችው ልጅ ግን አዋጁ ውስጥ የለችም። ሕጉ ሳሎን ድረስ መጥቶ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል። የቤት ሰው ጨዋነት እንዲህ ነው፤ ለእታለም ግን አልጠቀማትም።

የእታለምን ቃል ለእናቴ መንገር አለመንገር ሁለት ሳምንት አስጨነቀኝ። ብነግራት የእናቴን ገመና መግለጤ አይደለም? ዝም ብል ደግሞ ግድግዳውን በራሴ እጅ መልሼ መምረጌ ነው። በመጨረሻ ነገርኳት፤ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ እታለም እንዳለችው። እናቴ ምንም አልመለሰችም። «እኔስ ምን ነበረኝ?» እንድትል ጠብቄ ነበር፤ ብትልም አልፈርድባትም ነበር። አላለችም። ከአንድ ሳምንት በኋላ ማለዳ ስነሣ ጓዳው ባዶ ነው። ምጣዱን፣ ሌማቱን፣ ድስቶቹን፣ ከመደቡ ላይ ያለውን ሰሌን ሳይቀር ሌሊት ብቻዋን አውጥታ ጓሮ ደርድራዋለች። «አናጢህን ጥራው» አለችኝ።

አናጢው መጣ። ዲጂኖውን ከማንሣቱ በፊት ግን የኮርኒሱን አቡጀዲ ቀድዶ በባትሪ አየና ወረደ። ፊቱ ተለውጧል። «እማማ፣ ይሄ ግድግዳ በኋላ የተሠራ ነው ብላችሁኝ አልነበር?» አለ። ነው አልነው። «አዎ፣ ሲሠራ ምንም አልተሸከመም። ግን ወራጁ ከዕድሜ ብዛት ሰግዶ መጥቶ ተቀምጦበታል። አሁን ቤቱን የያዘው እሱ ነው። እንዲሁ ብመታው ጣራው ይወርድብን ነበር።» እንዲህ ያለው ነገር በጭቃ ቤት የተለመደ መሆኑንም ነገረን፤ ለመከለል የቆመ ግድግዳ ዓመት ሲቈጥር ተሸካሚ ይሆናል። መፍረስ አይችልም ማለት ግን አይደለም። መጀመሪያ ባላ ይተከላል፣ ክብደቱ ወደ ባላው ይዛወራል፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች ጥቂት በጥቂት ይነሣል። ሁለት ቀን ፈጀ። መካከል ላይ ያለውን አንድ ቋሚ ግን «እሱን አልነካም» አለ። ስለዚህ ሳሎናችን መካከል አንድ የባሕር ዛፍ ቋሚ ቆሞ ቀርቷል፤ የሚመጣ ሰው ሁሉ ይጋጨዋል።

ጋዜጦቹ ከጭቃው ጋር ተፈረካክሰው ወደቁ። ከተቆረጡት ዜናዎች አንዱን እንኳ ልጨርስ አልቻልኩም። ብርሃኑ ግን ገባ፤ ይህን መካድ አልችልም።

እታለም የፋሲካ ሰሞን መጣች። እናቴ ነች የጠራቻት። በሩ ላይ ተሳሳሙ፤ ረጅም ጊዜ ተያይዘው ቆሙ፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ለመስማትም አልቀረብኩም። ከዚያ እናቴ ወደ ትልቁ ሶፋ ስትመራት እታለም ቋሚውን አልፋ ሄዳ ድሮ መደቡ የነበረበት ቦታ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። «ወዲህ ነይ እንጂ!» ብትላት፣ «እዚህ ይሻለኛል» አለች። ግድግዳ የለም፤ ግን ወዴት እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን።

ሲመሽ ልሸኛት ወጣሁ። ታክሲ እየጠበቅን ሳለ ሦስት ወር ያስጨነቀኝን ጠየቅኋት፤ ያን የእንግዳ ማታ ምን በልታ ነበር? ቀና ብላ አየችኝ። ጥቂት ዝም አለች፤ ከዚያ እንደ ልጅነቴ ራሴን ዳሰስ አድርጋ «እኔም እኮ ትዝ አይለኝም፣ ወንድሜ» አለችኝ።

እውነቷን ይሆናል። ወይም እናቴ የአባቴን እንደሸፈነችው የእኔን ሸፍናልኝ ይሆናል። ሁለተኛ አልጠየቅኋትም። ያኛው ግድግዳ የእሷ ነው።